ቦቂትና የመኖ ሹሙ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህ ለእናንተም ነው።

ድሮ፣ ስሙን የሚያውቁት ሁሉ ባለቁበት አንድ አገር፣ አያ አንበሳ የበግ ሥጋ መብላት ተወ። ጠግቦ አይደለም። አንድ ቀን የምታጠባ በግ ይዞ ሊበላት ሲል ወተቷ አፍንጫው ላይ ፈሰሰ። ላሰው። ቆም አለ። ደግሞ ላሰው። ጦጣዎችን አስጠርቶ አሳለባት፣ ወተቱን አስናጠ፣ ቅቤውን ጎፈሩን ተቀባ፣ አይቡን በላ። ከዚያ በጎቹን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦

«ሥጋ የአንድ ቀን ነው፤ ቅቤ የዘወትር ነው። ቅቤያችሁ ደኅና እስከሆነ ድረስ ጥርሴ አይነካችሁም።»

ቃሉንም ጠበቀ። በክረምት በጎቹ ጨፌውን ይግጣሉ። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ከአንበሳው ጎተራ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ፋጉሎና በእርጥቡ ታጭዶ የደረቀ ሣር ይሰጣቸዋል። ቅቤያቸው እንደ አደይ ቢጫ ነበር፤ መዳፍ ላይ ሲያኖሩት ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። አይባቸውም ምላስ ላይ ይሟሟል። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በስምንተኛው ዓመት የመኖ ሹሙ ጃርት አርጅቶ ሞተ። ሹመቱን ሸለምጥማጥ ለመነ። ምላሱ ጣፋጭ ነበረችና አገኘ።

*

ያ በጋ ከባድ ሆነ። ከግርግሙ ፋጉሎው ጠፋ። ሣሩም ጠፋ። ጠዋት ጭድ፣ ማታ ጭድ። በጎቹ ሲጠይቁ ሸለምጥማጥ ፋጉሎውን ከጭዱ ጋር አሽቼዋለሁ፣ ዓይናችሁ ስለደከመ ነው የማታዩት ይላቸዋል።

ወተቱ አነሰ። ቅቤው ነጣ፣ ደረቀ። አንበሳው ጎፈሩን ሲቀባ ቅቤው አልቀልጥ ብሎ ፍርፋሪ ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ። እንዲሁ ሆኖ ወደ ሸንጎ ሲሄድ አንዲት ቁራ ከዛፍ ላይ አየችውና፣ ጌታዬ፣ የትኞቹ ወፎች ሥር ነው ያደሩት ብላ ጠየቀችው። ሸንጎው ሳቁን በአፍንጫው ያዘ። በማግስቱ አይቡም ጥርሱ ሥር እንደ ኖራ ተንኮሻኮሸ።

አንበሳው ሹሙን ጠራ። ሸለምጥማጥ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ከክንዱ ሥር ግን አንድ ቅል ይዞ ነበር። ቅሉን ከፈተው። ውስጡ ያለው ቅቤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የድሮው ዓይነት ነው። ከገደሉ ሥር ካሉት ከሦስቱ የራሱ በጎች የመጣ መሆኑን ተናገረ፤ እነሱ ከጉድባ ሣር ሌላ የሚቀምሱት የላቸውም አለ።

«ታዲያ የእኔዎቹ ምን ሆኑ?» አለ አንበሳው።

«ዘራቸው ነው ጌታዬ። ዘር ሲያልቅ ጡት ያስታውቃል። እኔማ አብልቻለሁ፤ ግን የተበላ ነገር ምስክር የለውም።»

አንበሳው ፍርዱን ተናገረ። ጨረቃ ሁለት ጊዜ ስትሞላ ሴት ልጁን ይድራል። በሠርጉ ቀን የሙሽራይቱን ራስ የሚቀባው ቅቤ ከበጎቹ ይምጣ። ቢጫ ከሆነ ቃሉ ይጸናል። ነጭ ከሆነ ቃሉ ይፈርሳል፤ ሠርገኛውም ከሸለምጥማጥ በጎች በቀር መንጋውን በሙሉ ይበላል።

*

በመንጋው ውስጥ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት አንዲት አሮጊት በግ ነበረች። ቦቂት ይሏታል። አሥራ አንድ ወልዳለች፤ የመጨረሻዋ ግልገል ገና ጡት አልተወችም።

ፍርዱ በተሰማ ቀን በጎቹ ተንጫጩ። አንዷ እንሽሽ አለች። አንዷ ጨው ብንልስ ቅቤያችን ይቀላ ይሆናል አለች። አንዷ ደግሞ ዘራችን በእርግጥ ሳያልቅ አልቀረም ብላ ማልቀስ ጀመረች። ቦቂት ይህችኛዋን ቀና ብላ አየቻትና፣ ዘርሽ አላለቀም፣ ያለቀው ምሳሽ ነው አለቻት። ለሚሸሹትም የግልገል እግር ሩቅ እንደማያደርስ ነገረቻቸው። ከዚያ ብቻዋን ተነሥታ ወደ አንበሳው ሄደች።

ችግሩ ከጡታቸው ሳይሆን ከግርግማቸው መሆኑን ነገረችው። አንበሳው ምስክር እንዳላት ጠየቃት። አልነበራትም። ሸለምጥማጥ ከዙፋኑ ጎን ቆሞ ጥፍሩን እየላሰ፣ እመት ቦቂት እርጅና ነው፣ የተበላ ነገር ምስክር የለውም አላት።

ቦቂት ዞራ ወጣች። መንገድ ስትሄድ ግን ቃሉን ደጋግማ አመነዠከችው። የተበላ ነገር ምስክር የለውም? ቆይ እንጂ።

*

ወንዙ መሻገሪያ ላይ አያ አህያን አገኘችው። ከዘይት መጭመቂያው ሦስት ጆንያ ፋጉሎ ጭኖ ውሃ ይጠጣል። ጎድን አጥንቷን አይቶ ተገረመ። በየቅዳሜው ሦስት ሦስት ጆንያ አራግፍላችኋለሁ፣ የት ታደርሱታላችሁ አላት።

«የት ነው የምታራግፈው?» አለችው ቦቂት።

አህያ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። አንዱ ጎተራ ይገባል፣ ሁለቱ ደግሞ ገደል ሥር ይወርዳሉ፤ ሹሙ ትርፉ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብሎት ነበር። ጎተራ የገባውም ማታ ማታ ተሸክሞ የሚያወጣው አያጣም አለ። ቦቂት ይህንኑ ለአንበሳው እንዲናገር ለመነችው።

«እኔ? ኧረ እመት ቦቂት፣ እኔ የምጭን እንጂ የምናገር ፍጥረት አይደለሁም።»

«መንጋው ሲያልቅ አንበሳው ሥጋ ይለምዳል። ከበግ ቀጥሎ ማንን የሚያይ ይመስልሃል?»

«የእኔ ሥጋ መራራ ነው ይባላል።»

«ቀምሶ ይወቀው እንግዲህ።»

አህያ ውሃ መጠጣቱን ተወ። እሺ፣ ምን ላድርግ አላት፤ መናገሩ ግን ይቅርብኝ አለ።

ቦቂት በመንገዷ ሁሉ ስታስብበት የመጣችው ነገር ነበር። ወጣት ሳለች አንድ ቀን አጥር ጥሳ የአብሽ ማሳ ገብታ እስክትወጠር በልታለች። ያኔ የመጀመሪያ ግልገሏ ጡቷን ቀምሶ ፊቱን አዞረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልጠባም አለ። ወተቷ አብሽ አብሽ ይሸት ነበር። የተበላ ነገር በሆድ ገብቶ አይጠፋም፤ በጡት ይወጣል። አህያን የጠየቀችውም ይህንኑ ነው፦ ወደ ገበያ አብሽ ሲጭን ከጆንያው የሚንጠባጠበውን እንዲያመጣላት።

*

አህያ አብሹን አመጣ። ቦቂት ድንጋይ ላይ አፍስሳ በሰኮናዋ ትረግጠው ጀመር። አብሽ ጠንካራ ነው፤ የደረቀ ፍሬው እንደ ጠጠር ይፈናጠራል። ረገጠች። የተፈናጠረውን በከንፈሯ ለቅማ መለሰች። ደግሞ ረገጠች። ሦስት ቀን ረገጠች፤ ሰኮናዋ ተሰነጠቀ፣ አብሹ ደቀቀ።

ቅዳሜ አህያ ከመሻገሪያው ሲደርስ የሦስቱንም ጆንያ ስፌት በጥርሷ ፈታች፤ ጨመረች፣ መልሳ ዘጋች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ረገጠች፣ አደቀቀች፣ ጨመረች። በሚቀጥለውም ረገጠች፣ አደቀቀች፣ ጨመረች። አህያ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ግን አልሸሸም።

ሸለምጥማጥ ሳያሸተው ቀረ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደረቅ አብሽ በፋጉሎ ሽታ ውስጥ ይደበቃል፤ የሚነቃው ሲርስ ነው። በሆድ ርሶ በወተት ከወጣ በኋላ ደግሞ የሸለምጥማጥ ቤት በሙሉ አብሽ አብሽ ሸተተ፤ ሚስቱ ስትንጥ እጇ ሸተተ፣ ልጆቹ አይቡን በልተው ትንፋሻቸው ሸተተ። ከሽታ ጋር የሚኖር ግን ሽታውን አያውቅም።

ቦቂት ለመንጋው ይህን ብቻ ነገረቻቸው፦ ሹሙ ፋጉሎውን ለእኛ ከሰጠ የእኛ ቅቤ ይሸታል፤ ለሌላ ከሰጠ የዚያ የሌላው ይሸታል፤ ከዚህ ወዲያ ማልቀስ ክልክል ነው።

*

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራይቱ ተቀምጣለች፤ ሁለት ቅል ፊቷ ቀርቧል። ሠርገኞቹ፣ ነብሩም ጅቡም፣ በጎቹን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። የመጀመሪያው ቅል ሲከፈት የበጎቹ ቅቤ ነጭ ነው፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። የሁለተኛው ሲከፈት የሸለምጥማጥ ቅቤ ቢጫ ነው። ጅቡ ተነሣ።

ቦቂት ወደ መሐል ገባች። ግልገሏ ተከትላት ከእግሯ ሥር ቆመች።

«ጌታዬ፣ ቅቤያችን ነጭ ነው፤ አልክድም። ከመበላታችን በፊት ግን ሹሙን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የእሱ በጎች ምን በሉ?»

ሸለምጥማጥ ለመመለስ አልዘገየም። የጉድባ ሣር አለ፤ ከጌታው ጎተራ አንዲት ፍሬ ከቀመሱ እኔን መሬት ትዋጠኝ ብሎ በሠርገኛው ሁሉ ፊት ማለ።

«እንግዲያስ ቅቤውን ያሽትቱት» አለች ቦቂት።

የሙሽራይቱ እናት ጎንበስ ብላ አሸተተች። አስነጠሳት።

«ይሄ አብሽ ነው። ልጄን አብሽ ልትቀቡልኝ ነበር?»

ቦቂት ያደረገችውን ሳትደብቅ ተናገረች፤ የተሰነጠቀ ሰኮናዋንም አሳየች። ከዚያ ከጎተራው የተረፈ ፋጉሎ እንዲመጣና ውሃ እንዲፈስበት ለመነች። ጦጣዎቹ አመጡ፣ አራሱት። ሽታው ከጆንያው ተነሥቶ ሠርጉን ሞላው። የበጎቹን ነጭ ቅቤ አሸተቱት፤ ምንም አይሸትም።

ያኔ አያ አህያ ከወደ ኋላ አናፋ። ፈርቶ እንደነበር፣ አሁንም እንደሚፈራ፣ ነገር ግን ሁለቱን ጆንያ ገደል ሥር ያራገፈው እሱ መሆኑን ተናገረ።

ሸለምጥማጥ ግን ሸለምጥማጥ ነው። ወዲያው ሌላ መንገድ አገኘ። በጎቼ ሌቦች ናቸው ጌታዬ አለ፤ እኔ ሳላውቅ ሰርቀው በልተው ይሆናል።

«ይሁን፣ ሰርቀው ነው» አለች ቦቂት በቀስታ። «እንግዲያስ ቅቤያቸውን ቢጫ ያደረገው የሰረቁት መኖ ነው ማለት ነው። ዘራችን ምን አጠፋ?»

ሸለምጥማጥ ወደ ኋላው እያየ ማፈግፈግ ጀመረ።

*

አንበሳው ጅቡን ተቀመጥ አለው። ሠርጉን ሃያ ቀን አራዘመ፤ ሠርገኞቹም እያጉረመረሙ ተበተኑ። የመኖውን ሹመት ለቦቂት ሰጠ። የሸለምጥማጥን ሦስት በጎች ለጅቡ ልስጥ ቢል ቦቂት እንቢ አለች። የተሰጣቸውን በሉ እንጂ ምን አደረጉ፣ ከእኛ ጋር ይብሉ አለች። ፋጉሎውንም ሣሩንም ለሁሉም እኩል አካፈለች። በሃያ ቀን ውስጥ የመንጋው ቅቤ ቢጫ ሆነ፤ ሙሽራይቱም በእሱ ተቀባች።

ሸለምጥማጥ በጎቹን የመገበውን ያህል ጠዋት ጭድ፣ ማታ ጭድ እንዲበላ ተፈረደበት። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ ጎተራ የሚያምነው አጥቶ የዶሮ ቤት ሲዞር ያድራል።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የቀረውን እናንተ ለልጆቻችሁ ጨምሩበት። የጥንት ሰዎች ግን ይህን ሰምተው እንዲህ አሉ፦

ጉሮሮ ቢደብቅ፣ ጡት ይናገራል።