ያልተነሱት ድንጋዮች

አንድ ሰው ነበረ። እጁን እስከ ክርኑ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከትቶ ትንሹን ዓሣ ይፈልጋል። ከድንጋዮቹ ሥር ዳበሰ፤ የለም። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ታየዋለች።

«አትድከም፤ እዚያ የለም» አለችው። «ምንጣፉ ላይ ነው። ዘሎ ወጥቶ ደርቋል።»

«ምን አስዘለለው? ውሃው አልጎደለ፣ ምግቡ አልጎደለ።»

«እሱስ አልጎደለም። የሚያርፍበት ነው ያጣው» አለችና ዓሣውን በወረቀት አንስታ ወጣች።

«አባባ፣ እኔ ስለ ልጆቼ ብጠይቅዎ እርስዎ የዓሣ ወሬ ያመጣሉ» አለች ስንዱ። ስንዱ የሟች እህቷን ልጅ ወስዳ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ከገዛ ልጇ ጋር አልስማማ ብለው ቤቷ ሰላም አጥቷል። «ከሁለቱ የትኛዋን ልቆጣ?» ብላ ነው ሽማግሌውን የጠየቀችው።

«ታገሺኝ» አላት ሽማግሌው።

ሰውየው ጎማ ነጋዴ ነው። ዓሣውን ያነሳችው ሁለተኛ ሚስቱ ናት፤ የልጅነት ሚስቱ ሞታበታለች። ገንዳው የእሷ ነበር። ጨው በጥብጣ ውሃውን የምታሰናዳ፣ ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ መርጣ እንደ ጎጆ የካበች እሷ ናት። ከሩቅ ባሕር የመጡ፣ መልካቸው ብርቱካን የመሰለ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ዓሦች ነበሯት። እሷ ስትሞት የተረፈችው አንዲት ትልቅ ዓሣ ብቻ ናት። ሰውየው ይህችን ዓሣ ብቻዋን ሲያያት ሆዱ ይባባል። እሷ በእጇ ያበላቻትን ነፍስ ብቸኝነት አይግደላት አለና ጓደኛ ሊገዛላት ዓሣ ሻጭ ዘንድ ሄደ።

ሻጩ ቀልደኛ ነው። «በነዚህ ዘንድ ቤቱ የሴቲቱ ነው» አለው። «ትልቋ ሴት ናት፤ ታዛለች። ወንዱ ትንሽ ሆኖ፣ ተሽቆጥቁጦ ነው የሚገባ።»

«እኛስ ቤት ሌላ መሰለህ?» አለ ሰውየው። ተሳሳቁ።

ከዚያ ሻጩ ቀልዱን ትቶ መከረው። «ገንዳውን ቀዳዳ ባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ለሁለት ክፈለው። ሳይነካኩ ይተያዩ። ሲላመዱ ማገጃውን ታነሳለህ። ከማንሳትህ በፊት ግን ድንጋዮቹን በሙሉ አውጣና በሌላ በኩል፣ በሌላ ዓይነት ካባቸው። ያኔ ትልቋም ቤቷን አታውቀውም፤ ሁለቱም እንግዳ ሆነው አብረው ቤት ይፈልጋሉ። ጎጆዋ እንደቆመ ካስገባህባት ግን ለእሷ ባል አይደለም፤ ሌባ ነው።»

ሰውየው የተባለውን አደረገ። ድንጋዮቹን ብቻ ተወ። የሟቿ እጅ የካባቸውን እንዴት ይንካ? ማገጃው በተነሳ ጊዜ ትልቋ ትንሹን ከጎጆው በር እየነከሰች አባረረችው። እሱም ከጥግ ጥግ ሲንከራተት ሰነበተ። መጨረሻው ምንጣፉ ላይ ሆነ።

ሌላ ሊገዛ ቢሄድ ሻጩ «ድንጋዮቹን አነሳህ?» አለው። «የሟች ሚስቴ እጅ ነው የካባቸው» አለ ሰውየው።

«እንግዲያው አልሸጥልህም። ገንዘብህን ጠልቼ አይደለም፤ ዓሣው አሳዝኖኝ ነው።»

ሁለተኛይቱን ሚስቱን ካገባ ቆይቷል። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶባት አያውቅም። ነገር ግን ቁም ሳጥኑ በሟቿ ቀሚስ እንደተሞላ ነው፤ የዚህችኛዋ ልብስ አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ይኖራል። ከጥጉ ያለው ወንበርም የሟቿ ነው። አንድ ቀን ይህችኛዋ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስባ ስፌቷን ስትሰፋ ዋለች። ሰውየው ማታ ሲገባ አየ። እሷ ወጥ ልታሞቅ ስትነሳ ወንበሩን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲህ መቀመጫዋ በርጩማ ሆነ።

ከሻጩ ዘንድ ባዶ እጁን በተመለሰ ዕለት ገንዳው ፊት ቆመ። እጁን ከተተና የላይኛውን ድንጋይ ያዘ። ይዞት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ በነበረበት አስቀመጠው።

ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ይህን አየች። ሻንጣዋን ለማሰናዳት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ዱሮስ መቼ ተፈትቶ ያውቃል። አንድ ቃል ተናገረችውና ሄደች።

«ምን አለችው?» አለች ስንዱ።

«እሱን ኋላ እነግርሻለሁ» አላት።

ሰውየው ድንጋዮቹን ያወጣቸው ያን ጊዜ ነው። አንድ በአንድ አውጥቶ ሳፋ ውስጥ ከመራቸው። የቆጨው እንዲያ ቀላል መሆኑ ነው። ሻጩም አምኖ ትንሽ ዓሣ ሰጠው። በማገጃው አላመዳቸው፤ ድንጋዮቹን በሌላ በኩል ካበና ማገጃውን አነሳ። ትልቋ የዱሮ ጎጆዋን ፈልጋ ዞረች፤ አጣችው። ትንሹ ቀረብ ብሎ ገላውን አርገፈገፈላት፤ የነሱ እጅ መንሳት ይኸው ነው። አንዴ ነከስ አደረገችውና ተወችው። ሲመሽ በአዲሱ ካብ ሥር ጎን ለጎን ሆነው አገኛቸው።

«ነይማ፣ እያቸው» አለ ዞር ብሎ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ቁም ሳጥኑን ባዶ አደረገ። ሽማግሌ ላከ። እሷም ሽማግሌዎቹን አክብራ ተቀበለች፤ አብልታ አጠጥታ ሰደደቻቸው። አልተመለሰችም።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ወደ ስንዱ ዞረ።

«የትኛዋን ልቆጣ አልሽኝ፤ አንዳቸውንም። ልጅሽ ክፉ አይደለችም፤ ቤቷን ነው የምትጠብቀው። ያቺ ትልቋ ዓሣ እሷ ናት። ጎጆዋን እንደቆመ ትተሽ፣ ከደጃፉ ላይ ሌላ ነፍስ አምጥተሽ ጣልሽባት። የእህትሽ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፍራሿን ጠቅልላ ከበር ኋላ ስታቆም አይቻለሁ። ይኸውልሽ፣ የልጅሽን አልጋ ከቦታው አንሺው። ክፍሉን ገለባብጪውና ሁለቱንም ባንድ ቀን አስገቢያቸው። ልጅሽ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ።»

«የእህቴ ልጅ እንኳ ጨዋ ናት፤ አንድም ቀን ከፋኝ አላለችኝም» አለች ስንዱ።

«ያቺም ሴት አላለችም። ሻንጣዋን አንስታ የመጨረሻ የተናገረችው ቃል ይህ ነው፦ ‹እንግዳ መቼም ሳይሸኙት አይሄድም፤ ና፣ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ።›»