ሽመላዋ ያሠራችው ቤት

አንድ ጊዜ፣ ከጃፓን ደሴቶች በማዕበል ተገፍታ የመጣች አንዲት ሽመላ በሐይቅ ዳር ጫካ ውስጥ ትኖር ነበር። አብረዋት የመጡት ሁለት እህቶቿ ሞተዋል። እዚህ የተፈለፈሉት ልጆቻቸው ደግሞ የአገሯን ዘፈንም ጭፈራም አያውቁም፤ ዓሣቸውን ይዘው ዞር ይላሉ። እሷ ግን በየማለዳው ውኃው ዳር ቆማ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ክንፎቿን ትዘረጋለች፣ ጎንበስ ትላለች። ጭፈራው የሁለት ነው፤ አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው አጸፋውን ይመልሳል። ለእሷ የሚመልስላት አልነበረም።

አንድ ቀን ውኃ ሊጠጣ የመጣ አህያ አይቷት ደነገጠ።

«እመት ሽመላ፣ ምን ነካሽ? አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። እየጨፈርኩ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ከማን ጋር ልጨፍር ብለህ ነው?»

አህያ ጆሮውን አርገበገበ። «አያ አንበሶን ለምን አትጠይቂም? የጋራ ጎተራው እኮ ለእንዲህ ያለው ነው።»

እንስሳቱ በየዓመቱ ካላቸው እያዋጡ የሚሞሉት ጎተራ ነበራቸው፤ ጉባኤ ካልፈቀደ አይከፈትም። ሽመላዋ በጉባኤው ቀን አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ የአገሬን ዘፈንና ጭፈራ የማስተምርበት ቤት እንዲሠራ የሠራተኞቹ ቀለብ ከጎተራው ይውጣልኝ። አንድም ዛፍ አይቆረጥም፤ የበቀለውን ቁጥቋጦ ጎንጉነን ግድግዳ እናደርገዋለን። ጣሪያው የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። ደጁ ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም። ክንፍ ያለውም የሌለውም፣ የሚሮጠውም የሚያነክሰውም ይገባበታል።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጣም አዘንኩላት። ግን ለአንዲት መጤ ወፍ ጭፈራ የሁላችን ጎተራ ይከፈት?»

ጅብ ከእንቅልፉ ባነነ። «ምረቃው ላይ ሥጋ አለ?» መልስ ሳይጠብቅ «እንግዲያው ይሠራ!» አለና መልሶ ተኛ።

አንበሳ ጥቂት አሰበ። «ጎተራው የሁሉም ነው፤ ቤቱም የሁሉም ይሁን። በምረቃው ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ከወፍ ሌላ አንድ እንስሳ እንኳ ካልገባበት፣ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል» ብሎ ፈረደ።

ቤቱ ተሠራ። አህያ ሸምበቆ አመላለሰ፣ ጦጣዎች ጎነጎኑ፣ ግድግዳው በቁሙ ቅጠል አወጣ። ይህን ያየ ቀበሮ ቤቱን ለራሱ ተመኘና በየጉድጓዱና በየጥላው እየዞረ ወሬ ዘራ። «ወፎቹ ላባ የሌለውን አይፈልጉም አሉ። የሚጠሯችሁ ሊስቁባችሁ ነው።» አህያን ለብቻው ጠርቶ ደግሞ «በተለይ በጆሮህ» አለው።

በምረቃው ዕለት ሽመላዋ በማለዳ ወለሉን ጠርጋ ደጁ ላይ ቆመች። የእህቶቿ ልጆች መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ «ላባ የሌለው አይገባም እየተባለ ነው» ብለዋት ብዙም ሳይቆዩ በረሩ። ጅብ መጣ፤ ከደጅ ሆኖ አሸተተና «ሥጋው የታለ?» ብሎ ሄደ። አህያ ከሩቅ ታየ። ክንፏን አነሳችለት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ በሌላ መንገድ ዞረ።

ይኼ ከሁሉ በላይ አመማት። ቀን ተጋመሰ፤ ጥላው ረዘመ። ሽመላዋ ባዶው ቤት መሐል ገብታ አንድ እግሯን አነሳች፣ ክንፎቿን ዘረጋች፣ ጎንበስ አለች። ቀበሮ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ ፀሐይዋን እያየ ጅራቱን ያወዛውዝ ጀመር።

ፀሐይዋ ኮረብታውን ልትነካ ስትል ደጁ ላይ አንድ ነገር ኮሽ አለ። አቧራ የለበሰ ኤሊ ነበር።

«ዘገየሁ መሰለኝ» አለ እያለከለከ። «ቤቱ ሊሠራ ነው ሲባል ነው ከማዶ የተነሳሁት።»

ሽመላዋ ወደ ደጁ ሮጠች። «ላባ የሌለው አይገባም ሲባል... አልሰማህም?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ማን ይነግረኛል? ልግባ ወይስ ልመለስ?»

«ግባ! ግባ እንጂ!»

ኤሊ ገባ። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ቀበሮም ጅራቱን ሸጉጦ ሄደ። ባዶው ቤት ውስጥ ሽመላዋ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ኤሊው ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ ያችን አጭር አንገቱን አውጥቶ፣ እስከቻለው ድረስ፣ ጎንበስ አለላት።

ከዚህ የምንማረው የጋራ ሀብት ለባይተዋር ቤት ሊሠራለት ቢችልም፣ ብቸኝነቱን የሚያስረሳው ግን ወሬ ሳይሰማ ደጁን የሚረግጥ አንድ እንግዳ መሆኑን ነው።