ሥጋ ያለው ስም

ተረት አለኝ፤ «ይምጣ» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ የዱር አውሬና የቤት እንስሳ ከአንድ ወንዝ እየጠጡ፣ በአንድ ቋንቋ እየተማሙ በሚኖሩበት ዘመን፣ አንዲት አገር ነበረች። የት ናት ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብትጠይቁም «እኔ ከዚያ ነኝ» የሚል አይገኝም። በዚያች አገር አያ ጅቦ ሹም ሆነ። እንዴት እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ቁርበት አንጥፎ ተቀምጦ አገኙት። «ማን ሾመህ?» ለማለት ሁሉም ሌላው እስኪጠይቅ ጠበቀ። የጠየቀ ስላልነበረ ሹመቱ ጸና።

በዚያችው አገር አያ ጥንቸል የሚባል ይኖር ነበር። ይህ ጥንቸል በጆሮው ይኮራል። ከሦስት ኮረብታ ማዶ የጉንዳን ሠርግ እሰማለሁ ይላል። እግሩም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚጠቀምበት ለመሸሽ ብቻ ስለሆነ ስለ እግሩ ብዙ አያወራም። የልቡን ነገር ሲጠይቁት ደግሞ፣ «እግዜር ጆሮዬን ሲሠራ ጭቃው አለቀበት፤ ልቤን በተራረፈው ለቅለቅ አድርጎ ሰደደኝ» ይል ነበር።

አንድ ቀን የእመት ፍየል ግልገል ጠፋች። ከእናቲቱ ቀድሞ ደረቱን የደቃ አያ ጅቦ ነው። «በእኔ ዘመን፣ በእኔ አገር» እያለ አነባ። በሦስተኛው ቀን እንባውን በመዳፉ ጠረገና አውጫጭኝ አዘዘ።

አውጫጭኝ የአገሩ የቆየ ሕግ ነው። ሌባ ሲጠፋ አገር በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከዚያ ሁሉም በየተራ ቀርቦ የሚያውቀውን ጆሮ ሆኖ ለተመረጠው በሹክሹክታ ይነግረዋል። ጆሮ የሆነው የሌባውን ስም በአደባባይ ይናገራል እንጂ ማን እንደ ነገረው አይናገርም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል።

ማን ጆሮ ይሁን ሲባል የሁሉም ዓይን ከአያ ጥንቸል ጆሮ ላይ አረፈ። አያ ጥንቸልም ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አቆመ። አገር በጆሮው ሲኮራ ያየው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ አያ በሬ መጣና ጎንበስ አለ። «የወሰዳት አያ ጅቦ ነው። ከጓሮው ዋሻ ውስጥ አስሮ ይቀልባታል። እኔ አላልኩም፣ ወፍ ናት ያለችው።» ዙሪያውን ገላመጠና ጨመረ፤ «ሌሎቹ ፈሪዎች ናቸው፣ አይነግሩህም።»

አያ ከርከሮ ቀጠለ። «የወሰዳት አያ ጅቦ ነው። ከጓሮው ዋሻ ውስጥ አስሮ ይቀልባታል። እኔ አላልኩም፣ ወፍ ናት ያለችው። ሌሎቹ ፈሪዎች ናቸው፣ አይነግሩህም።»

እመት ጦጢትም ይህንኑ፣ አያ ዝንጀሮም ይህንኑ። አርባ ሆነው አርባ ጊዜ ይህንኑ አሉት። አያ ጥንቸል ግን እነሱ ሳይነግሩትም ያውቅ ነበር። ሦስት ጠዋት የግልገሏን ልቅሶ በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ጆሮውን አጥፎ በሌላ ጎኑ ተገላብጦ ነበር። ጎመን በጤና ብሎ።

በመጨረሻ እመት ፍየል መጣች። «አያ ጥንቸል፣ ልጄ በሕይወት አለች። ከነገ ወዲያ የሹመት በዓሉ ነው፤ ለዚያ ነው የሚያደልባት። ሌላው የሚለውን አላውቅም። እኔን ወፍ አልነገረችኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ስሜንም ጥራ።»

አያ ጥንቸል ሆዱ ባባ። ጆሮውን አጥፎ አያ ጅቦ ዘንድ ቀረበ።

«እህ፣ አያ ጥንቸል፣ ወፏ ምን አለች?» አለ አያ ጅቦ።

«ወፏ ገና አላረፈችም ጌታዬ።»

«እንድታርፍ ምከራት። ወፍ ብዙ ትቀባጥራለች። ጥሩ ጆሮ ማለት ግን መርጦ የሚሰማ ነው» አለና ምሳውን ሊበላ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሜዳው መውጣት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ሕግ ስለሆነ።

በማግስቱ ፀሐዩ ከረረ። በሬው ሣር አማረው፣ ጦጢት ውሃ ጠማት፣ ሁሉም «ተናገርና ገላግለን» እያሉ አያ ጥንቸልን በዓይናቸው ወጉት። እሱም ብልሃት የመጣለት መሰለው። ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ግልገሏን የወሰዳት ንፋስ ነው፤ ወፍ ነገረችኝ» አለ።

አያ ጅቦ አላመነታም። «ንፋስ አርባ ይገረፍ» ብሎ ፈረደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ፣ ያ ሁሉ አገር አርጩሜ እየቆረጠ ንፋስ ገረፈ። አንዳንዱማ ከልቡ ነበር። «በግራ በኩል አመለጠህ፣ ድገመው» ይባባላሉ። ከርከሮ ሁለት ጊዜ የገዛ ጆሮ ግንዱን መታ። እመት ፍየል ብቻ ቆማ ታያቸው ነበር፤ አያ ጥንቸል ወደ እሷ ላለማየት አርጩሜውን ተግቶ አወናጨፈ።

ግርፋቱ ሲያልቅ አያ ጅቦ ጥንቸሉን ለብቻው ጠራው። «ጎበዝ፣ አያያዝህን ወድጄዋለሁ» አለው። «ችግሩ ንፋስ ሥጋ የለውም። ነገ በዓል ነው፣ እንግዳም አለብኝ። እስከዚያ ከሜዳው ማንም አይወጣም፤ ጠዋት ሥጋ ያለው ስም አምጣልኝ።»

በበዓሉ ጠዋት አያ ጥንቸል አገሩን በዓይኑ ዞረው። በሬው ቀንድ አለው፤ ከርከሮው ክራንቻ አለው፤ ጦጢት ምላስ አላት። ወዲያው ሜዳው ዳር እመት ኤሊ ብቅ ስትል አያት። ለአውጫጭኙ ከሁሉም እኩል ተጠርታ ገና አሁን መድረሷ ነው። ምንም አልነገረችውም፣ ማንንም አታውቅም፣ ዘመድም የላት። «ደግሞስ ድንጋይ ለብሳለች፣ ምን ትሆናለች?» ብሎ ራሱን አጽናና። ድንጋዩ ላይ ወጣ። «የወሰደቻት እመት ኤሊ ናት፤ ወፍ ነገረችኝ።»

«እኛም ጠርጥረን ነበር» አለ አገሩ፣ ትንፋሹን እየለቀቀ።

እመት ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ቤቴ ከዚያ ጉብታ ሥር ነው። ከዚያ እዚህ ለመድረስ ሦስት ቀን ሄድኩ። ግልገልን ያህል ነገር በየትኛው እግሬ አሳድጄ ልያዝ?»

አያ ጅቦ ጢሙን ላሰ። «እውነቷን ነው። እንግዲያው ፈጣን ተባባሪ አላት ማለት ነው። በዚህ አገር እንደ ሰማሁት በሩጫ የሚስተካከለው የሌለ አንድ አለ።»

ሁሉም ዓይኑን ወደ አያ ጥንቸል መለሰ። መጀመሪያ ቀን ጆሮውን ያዩ ዓይኖች አሁን እግሩን ያዩት ነበር።

«እኔንም ወፍ ነግራኝ ነበር» አለ አያ በሬ ቀስ ብሎ። «እኔንም» አለ ከርከሮ። የአያ ጅቦ ዘበኞች የሆኑት ቀበሮዎች አያ ጥንቸልን አራት እግሩን ጠፍረው አሰሩት። እመት ኤሊን ማሰር አላስፈለገም፤ ብትሮጥም እስከ ማታ ይደረስባታል።

አያ ጥንቸል ያን ጊዜ ጮኸ። ድፍረት አይምሰላችሁ፤ የሚገባበት ጉድጓድ አጥቶ ነው። «አገር ስማኝ» አለ። «እኔን ወፍ አልነገረችኝም። አያ በሬ ነገረኝ፣ አያ ከርከሮ ነገረኝ፣ እመት ጦጢት ነገረችኝ። አርባችሁም በአንድ ቃል፣ የወሰዳት አያ ጅቦ ነው፣ በጓሮው ዋሻ አስሯታል አላችሁኝ። አርባችሁም ሌሎቹ ፈሪዎች ናቸው አላችሁኝ፤ እሱንም አልዋሻችሁም። የኔ ከሁላችሁም ይብሳል። ልቅሶዋን ሰምቼ ተኝቻለሁ፣ ነፍሴን ላድን ብዬ እመት ኤሊን ሸጫለሁ።»

አያ በሬ ወደ ከርከሮ ዞረ። «አንተም ብለህ ነበር?»

«አንተስ?» አለ ከርከሮ።

እመት ጦጢት አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣነው፣ ሁላችንም የምናውቀውን ከሁላችንም ልንደብቅ ነው?» ስትል ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛመተ። አንዱ በሌላው አልሳቀም፤ ሁሉም በራሱ ነበር የሚስቀው፣ ያ ደግሞ ያማል።

«ይህ አድማ ነው» አለ አያ ጅቦ። እመት ፍየል ወደ ዋሻው መንገድ ጀምራ ነበር። በሬው ተከተላት፣ ከርከሮው በሬውን ተከተለ፣ ከዚያ አገሩ ጎረፈ። ቀበሮዎቹም ነገሩ ወደየት እንዳዘነበለ ካዩ በኋላ ከሰልፉ ጅራት ገቡ። አያ ጅቦ ብቻውን ቀረ። ወዲያው በሌላ ወረዳ አስቸኳይ ጉዳይ እንዳለበት ትዝ አለውና ቁርበቱን እንኳ ሳይጠቀልል ገደሉን ወረደ።

ግልገሏን ከዋሻው አወጧት። ሰብታ ነበር። እናቷ የሰባ ጎኗን እየዳሰሰች አለቀሰች።

በደስታው መሐል አያ ጥንቸልን ፈትቶ የሄደ አልነበረም። ሜዳው ላይ ከእሱ ጋር የቀረችው፣ ከሰልፉ እኩል መሄድ የማትችለው እመት ኤሊ ብቻ ናት። እየተንፏቀቀች መጣችና ገመዱን በአፏ ታኝክ ጀመር።

«ይቅር በይኝ» አላት፣ ጆሮው ወድቆ። «ሲመለሱ ጀግና ይሉኝ ይሆን?»

«ባይይዙህ ኖሮ ትናገር ነበር?»

አያ ጥንቸል ሊዋሽ ፈለገ፤ ግን ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ዋሽቶ ደክሞት ነበር። «አልናገርም ነበር» አላት።

«እንግዲያው ቀስ ብዬ ነው የምፈታህ» አለችው።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ጎረቤት ላልሰማ ንገሩልኝ። በዚያች አገር ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይባላል፦ በጆሮ ያደረ እውነት፣ ለጅብ ነው ራት።