ማሽኑ የለመደው አሥራ ሰባት

ዕጣ ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር በገባበት ሰሞን፣ አንድ የሸማኔዎችና የፈታዮች ማኅበር በገበያው መግቢያ አንድ ሱቅ አገኘ። ፈላጊው ብዙ ስለነበር ዕጣ ይውጣ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግን ማሽኑን ብቻ አላመኑም፤ አባላቱ መጀመሪያ ከቅርጫት ቁጥር የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት ያነሳሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ አንዱን ቁጥር ይጠራል።

በዕለቱ ፈታይዋ ዘሪቱ ለቅሶ ላይ ስለነበረች፣ የማኅበሩ አባል የሆነችው ጎረቤቷ አልጋነሽ ለራሷም ለእሷም አነሳች። ዘሪቱ እያለከለከች ስትደርስ፣ «መጀመሪያ ያነሳሁትን እንኪ፤ ከለቅሶ ቤት የመጣ ይቅደም» አለቻት። አሥራ ሰባት ነበር። ኮምፒውተሩም አሥራ ሰባትን ጠራ። እልል ተባለ። ዘሪቱ በማግስቱ የኪራይ መደቧን ለቀቀች፤ ወዲያው ሌላ ሰው ያዘው።

ብዙ ሳይቆይ የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ናሆም ማሽኑን ሲሞክር አሥራ ሰባት መጣ። አጥፍቶ አስነሳው። አሁንም አሥራ ሰባት።

ለጉባኤው እንዲህ አለ፦ «ከዕጣው በፊት፣ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያመነጨውን የፕሮግራም ክፍል በአዲስ ቀየርኩት። የድሮው ፕሮግራማችን ከአዲሱ ጋር አልተግባባም። ስህተቱንም ሳይናገር፣ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይጀምራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠራው ሁልጊዜ አሥራ ሰባትን ነው። አንዴ ሞከርኩት፤ ቁጥር ሰጠኝ፤ ሠራ ብዬ ዘጋሁት።»

ማሽኑን በእሱው አስጠገኑት፤ ከዚያ ናሆምን አባረሩት።

የመጀመሪያው ዕጣ በጉባኤው ድምፅ ብልጫ ተሻረ። ሁሉም እንደገና አነሱ። ሱቁ ለሸማኔው ለወርቅነህ ወጣ።

ዘሪቱ፣ «ማሽኑ ቢያብድ እኔ ምን በደልኩ? ወረቀቱ ከቅርጫት በዕድል ወጣ፣ አጨበጨባችሁ፣ መደቤን ለቀቅሁ» አለች።

ወርቅነህ፣ «ለሁለተኛው ዕጣ አንቺም አንስተሻል። ቢወጣልሽ ተጭበርብሯል ትይ ነበር?» አላት።

«ባላነሳስ ምን ልትሰጡኝ ነበር፣ ጋሼ?»

ያን ጊዜ አልጋነሽ ተነሳች። «ማሽኑ ካልመረጠ፣ የመረጠችው የእኔ እጅ ናት። አሥራ ሰባትን ያነሳሁት እኔ፤ በይሉኝታ የሰጠሁትም እኔ። ሱቁ ለእኔ ይገባል።»

«ሐዘኔን አሁን ልታስከፍይኝ ነው፣ አልጋዬ?» አለች ዘሪቱ።

ጉባኤው መወሰን ስላቃተው፣ ሱቁ እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው። ዘሪቱ ደጃፉ ላይ ላስቲክ አንጥፋ ፈትሏን ትሸጣለች። ወርቅነህ በእሷ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። አልጋነሽና ዘሪቱ ለለቅሶ እንኳ አይጠራሩም።

ቁልፉ በእናንተ እጅ ቢሆን፣ በሩን ለማን ትከፍቱ ነበር?