ከምድጃው ግድግዳ ሥር የምታድረው መኪና

እናንተ እዚያ ዳር የተቀመጣችሁ፣ ጠጋ በሉ። በሩንም ገርበብ አድርጉት፣ ብርድ ይገባል። ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ ግን «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው በረት ውስጥ ላም የለም፣ መኪና ነው የቆመው። አጭር ናት፤ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። ከረዘመች ደግሞ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የሰፈሩ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ስትጠይቁት ወደ ጎረቤቱ ይመራችኋል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ይርገዱ የምትባል ባና ነጋዴ ነበረች። ባና ያው የመንዝ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል። ይርገዱ ከመንዝ እያመጣች ትሸጣለች። ስትሄድም ስትመለስም የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጣ ነው። በኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት። ባሏ አውላቸው ሲሞት ሁለት በሬዎች ትቶላት ነበር፤ የሚያርስባቸው ስለጠፋ ሸጠቻቸውና አንድ ያገለገለች የናፍጣ ቫን ልግዛ አለች፤ ያቺን ትንሽዬዋን፣ ከኋላዋ ወንበር የሌላትን የዕቃ መኪና። የሚነዳላት ወንድም አላት።

«ደህና መኪና ከሆነች፣ በሬዎቼ ጎማ አበቀሉ ማለት ነው» አለች። «ጣርማ በር ዳገት ላይ ከቆመችብኝ ግን፣ በሬም የለኝ፣ መኪናም የለኝ።»

ደላሎች ይዘዋት ዞሩ። አንዷን ስትነካ ቀለሙ እጇ ላይ ቀረ። አንዷን ደግሞ የዶክተር መኪና ናት አሏት፤ ዶክተሩን አሳዩኝ ስትል ደላላው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ሄደ። በመጨረሻ የጉልላትን ነጭ ቫን አየችና ወደደቻት። ጉልላት ዳቦ ለየሱቁ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሌላ ትልቅ መኪና ሊገዛ ተስማምቶ፣ ይቺን ሊሸጥ ነው።

ይርገዱም መካኒኩን ጋሽ ፈንቴን ለምና አመጣቻቸው። ጋሽ ፈንቴ ዘይቱን አዩ። ከሥር ገብተው ተኙ። ጎማውን በእግራቸው መቱ፤ ይህችን እንኳ እኔም እችላታለሁ። ከዚያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። በማግስቱ ማልደው መጡ፤ አሁንም ሞቋል። በሌላ ቀን ገና ወፍ ሳይንጫጫ መጡ፤ ያው ነው፣ ሞቋል።

«ይርገዱ» አሉ፣ «የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው ነው። ሞቅ ሲለው ሁሉም ደግ ነው። ጠባዩ የሚለየው ሲበርደው ነው። ቀዝቅዛ ስትነሳ በጆሮዬ ሳልሰማ፣ ግዢ አልልሽም።»

እንግዲህ የይርገዱ ፍላጎት ይቺ ብቻ ናት። ሞተሩ አንዴ ይቅዝቀዝላት። ሞተሩ ካልቀዘቀዘ ጋሽ ፈንቴ አይመሰክሩ፤ ጋሽ ፈንቴ ካልመሰከሩ ይርገዱ አትገዛ።

ወደ ጉልላት ሄደች። ሰፈሩ ሲያማው ሰምታለች፤ በሽታዋን ሊደብቅ ነው እያሞቀ የሚያሳይሽ ብለዋታል። ይህንን ስትነግረው ጉልላት ከፋው። መኪናዋ የምታድረው ዳቦ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከምድጃው ግድግዳ ሥር ተጠግታ ነው። ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፣ ግድግዳው ይግላል፣ መኪናዋም አብራ ትሞቃለች። የኛን ብርድ ታውቁት የለ፤ ናፍጣ ያረጋል። ደግሞስ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ይሞቅለታል እንጂ ይቀዘቅዝበታል ወይ አላት። ጨዋነት መስሎታል፣ ምስኪን።

አንድ ቀን ብቻ ውጭ ትደር ስትለው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ ይርገዱ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ጋ ከመጣች ውጭ አድራ አታውቅም። ትነሳ፣ አትነሳ፣ እኔም አላውቅም። ባትነሳ የሰው ዳቦ ይዤ መቅረቴ ነው። ባለዳቦ ቤቷ እትዬ ዘነቡ ይፍቀዱና እሺ።»

ያዛችሁ? እትዬ ዘነቡ ካልፈቀዱ መኪናዋ ውጭ አታድር፤ መኪናዋ ውጭ ካላደረች ሞተሩ አይቀዘቅዝ፤ ሞተሩ ካልቀዘቀዘ ጋሽ ፈንቴ አይመሰክሩ፤ ጋሽ ፈንቴ ካልመሰከሩ ይርገዱ አትገዛ።

እትዬ ዘነቡ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ይርገዱ ስትገባ እስከ ክርናቸው ዱቄት ነበሩ። እሷም ነገሩን ከመኪናው ጀምራ እስከ በሬዎቹ ነገረቻቸው። እትዬ ዘነቡ አዘኑላት፤ እሳቸውም ባል ቀብረዋል። ግን ዳቦ አያዝንም። ጠዋት ያልደረሰ ዳቦ ከሰዓት ደረቆት ነው፣ ባለሱቁም አይቀበለኝም አሉ። ዳምጤ በጋሪው የሚያደርስልኝ ከሆነ ግን፣ መኪናዋ እንኳን ውጭ፣ ጫካም ትደር አሉ።

ወደ ዳምጤ ሄደች። ጋሪው ካልሄደ ዳቦው አይደርስ፤ ዳቦው ካልደረሰ እትዬ ዘነቡ አይፈቅዱ፤ እትዬ ዘነቡ ካልፈቀዱ መኪናዋ ውጭ አታድር፤ መኪናዋ ውጭ ካላደረች ሞተሩ አይቀዘቅዝ፤ ሞተሩ ካልቀዘቀዘ ጋሽ ፈንቴ አይመሰክሩ፤ ጋሽ ፈንቴ ካልመሰከሩ ይርገዱ አትገዛ።

ባለጋሪው ዳምጤ ሁሉንም ሰምቶ ራሱን አከከ። እኔ ደስ ይለኝ ነበር አለ፤ የሚቸግረው ፈረሱ ነው። ፈረሱ ሻምበል ይባላል። ጀርባው ላይ የሚጣልለት ጆንያ አልቆ ከተቀደደ ወዲህ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከጋጣው ንቅንቅ አይልም።

«ታዲያ አታዘውም?» አለችው።

«እናቴ፣ እሱ ሻምበል ነው፣ እኔ ተራ ወታደር። ማን ማንን ያዛል?»

ራሷ ትለምነው ብላ ጋጣው ገባች። ሻምበል ሆይ፣ አንድ ጠዋት ብቻ ተነስልኝ አለች። አንተ ካልተነሳህ ጋሪው አይሄድ፤ ጋሪው ካልሄደ ዳቦው አይደርስ፤ ዳቦው ካልደረሰ እትዬ ዘነቡ አይፈቅዱ፤ እሳቸው ካልፈቀዱ መኪናዋ ውጭ አታድር፤ ውጭ ካላደረች ሞተሩ አይቀዘቅዝ፤ ካልቀዘቀዘ ጋሽ ፈንቴ አይመሰክሩ፤ ካልመሰከሩ እኔ አልገዛ። ፈረስ አይናገርም ትሉኝ ይሆናል። ቂጡን አዞረባት፤ ከዚህ በላይ ምን ይበል።

ዳምጤ ከኋላዋ ሆኖ አስተረጎመ። «ባና ቢያገኝ ይነሳል።»

ይርገዱ ሳቀች። ባና! ዕድሜዋን ሙሉ የሸጠችው ባና አይደል! ስቃ ስቃ፣ መሃል ላይ ትዝ አላት። ቤቷ አንድም ባና የለም። ያለው ሁሉ ተሸጧል፤ አዲሱ ያለው መንዝ ነው፤ መንዝ የሚያደርሳት ደግሞ መኪናዋ ናት። ከመኪናዋ በፊት ባና የለ፤ ባና ካልተገኘ ሻምበል አይነሳ፤ ሻምበል ካልተነሳ ጋሪው አይሄድ፤ ጋሪው ካልሄደ ዳቦው አይደርስ፤ ዳቦው ካልደረሰ እትዬ ዘነቡ አይፈቅዱ፤ እትዬ ዘነቡ ካልፈቀዱ መኪናዋ ውጭ አታድር፤ መኪናዋ ውጭ ካላደረች ሞተሩ አይቀዘቅዝ፤ ሞተሩ ካልቀዘቀዘ ጋሽ ፈንቴ አይመሰክሩ፤ ጋሽ ፈንቴ ካልመሰከሩ መኪና የለ። ዞራ ዞራ ከተነሳችበት በር ላይ ቆመች።

ዳምጤ ትከሻዋን ብቻ ነው ያየው።

ትከሻዋ ላይ የአውላቸው ባና ነበር። እነዚያን በሬዎች ማለዳ ሊጠምድ ሲወጣ የሚለብሰው፣ ጫፉን ራሷ በክር የጠገነችለት። ለማንም አልሸጠችውም፤ ብዙ ሰው ጠይቋት ነበር። የጠገነችውን ጫፍ በጣቷ ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ አወለቀችና ሻምበል ጀርባ ላይ አለበሰችው፣ እንደ ሰው፣ አንገቱ ሥር እስክትሰበስብለት ድረስ።

«አውላቸውም ቢሆን ያለሱ አይነሳም ነበር» አለች።

ይኸውላችሁ፣ ባናው ሲገኝ ሻምበል እሺ አለ። ሻምበል እሺ ሲል ዳምጤ ጋሪውን ቃል ገባ፤ ጋሪው ሲገኝ እትዬ ዘነቡ ፈቀዱ፤ እትዬ ዘነቡ ሲፈቅዱ ጉልላት መኪናዋን ከምድጃው አራቃት፤ መኪናዋ ውጭ አደረች፤ ሞተሩም ቀዘቀዘ። እንዴት ቀዘቀዘ! ሲነጋ መስታወቷ ላይ ውርጭ ነበር።

ጋሽ ፈንቴ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱት። ቀዝቅዟል። ጉልላት ቁልፉን ይዞ ገባ። ይርገዱ በነጠላዋ ተጠቅልላ ቆማለች።

ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፤ ዝም። ደግሞ አዞረ። አቃሰተ፤ ዝም። ጉልላት ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። ይርገዱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለቱን በሬዎች በየመልካቸው ሳታያቸው አልቀረችም።

እንደገና አዞረ። አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ተነሳች! ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ። ሁሉም ወደ ጋሽ ፈንቴ ዞረ። ጋሽ ፈንቴ ግን ጣታቸውን አንስተው ቆዩ አሉ። ቆዩ። ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ድምፁም ከማንኳኳት ወደ ማንጎራጎር ወረደ።

«ጭሱ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ትበላለች እል ነበር» አሉ። «ጥቁር ቢሆን ሌላ እል ነበር። ይሄ ግን የብርድ ትንፋሽ ነው፣ እኛም አፋችን እየጨሰ ነው። ማለዳ ትለግማለች እንጂ ጤነኛ ናት። ግዢ።»

ጉልላት ከመኪናዋ ወርዶ ኮፈኗን ሳማት። አላፈረም። ይኸን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው ያቀማጠልኩሽ አላት። እትዬ ዘነቡ ከነዱቄታቸው ወጥተው እልል አሉ። በዚህ መሃል ዳምጤ ዳቦውን አድርሶ መጣ፤ ሻምበል ባናውን ለብሶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሰልፍ የሚጎበኝ ነው የሚመስለው።

አሁን እንግዲህ የገዢዋ ተራ ነው። እኛ ዘንድ መኪና የገዛ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ ይመርቃል፣ ያመሰግናል፣ ትንሽም ያለቅሳል። ሁሉም ይርገዱን ጠበቀ። እሷ መኪናዋን አላየችም። በመኪናዋ አናት አሻግራ ፈረሱን ነበር የምታየው። ያለችውን እንዳለ ልንገራችሁ፣ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም።

«በሉ ባናዬን መልሱልኝ፤ በረደኝ።»