አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች

አንድ ሃርላን የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ዘመኑ የአሜሪካ ኮሌጆች ኳስ በእጃቸው ይዘው፣ የራስ ቁር ሳያደርጉ፣ እንደ ኮርማ የሚጋጩበት ዘመን ነው። ያኔ አንድ ክፉ ሕግ ነበር፤ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ሃርላን ሰው ማስወጣት አይወድም። ዋንጫ ግን ሲወድ ለጉድ ነው።

አንድ ቀን ኦርቪል የተባለው ጎበዝ ተጫዋቹ ጭንቅላቱን ተመትቶ እየተንገዳገደ መጣ።

«አሰልጣኝ፣ የሰዉ ጩኸት አይሰማኝም። እባክዎ ያስወጡኝ።»

«ከወጣህ አትመለስም! ወንድ አይደለህም እንዴ? ግባ!»

ገባ። ጨዋታውን አሸነፉ። ኦርቪል ግን ከወደቀበት አልተነሳም።

ሃርላን ለቀብሩ እንኳ ሳይቆይ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዳ ላይ ያሉትን ልጆቹን ሲቆጥር አሥራ ሁለት ሆኑበት። ዳኛው ሲቆጥር ግን አሥራ አንድ ናቸው። ሃርላን እንደገና ቆጠረ። አሥራ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ። ኦርቪል ነበር።

ሃርላን ሸሸ። በሰባት ዓመት አምስት ኮሌጅ ቀየረ። በሄደበት ሁሉ ኦርቪል ቀድሞት ሜዳ ላይ ይጠብቀዋል። አይሮጥም፣ አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ሃርላን አላስቻለውም። ወደ መስመሩ ቀርቦ ጮኸ።

«ኦርቪል! እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ይቅር በለኝ! በቃ ውጣ!»

ኦርቪል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «የእኔ መውጫ ጊዜ አልፏል። እሱን ያስወጡት።»

ሃርላን ኦርቪል ጣቱን ወደቀሰረበት ቢያይ፣ ክላይድ የተባለው ተጫዋች ጆሮውን ይዞ ይንገዳገዳል።

«እሱ ከወጣ አለቀልን! አንተም ሥራህን እርሳው!» አለ ከኋላ የኮሌጁ ኃላፊ።

ሃርላን ክላይድን ደግፎ አወጣው። ተሸነፉ፤ ሃርላንም ተባረረ። ክላይድ ሁለት ወር ተኝቶ ዳነ። ኦርቪል ግን አልሄደም። ሃርላን እስከ ዕለተ ሞቱ ባዶ ሜዳ ባየ ቁጥር እዚያው ቆሞ ያየው ነበር ይባላል።

ወገኖቼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁላችንም መጸጸት የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ጸጸት የሞተውን አያስነሳም፤ የሚንገዳገደውን ግን ሊያተርፍ ይችላል። በእናንተ ትእዛዝ ሥር ሆኖ «አልቻልኩም» ሲል ያልሰማችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ በሕይወት ካለ ጥሩት።