ጅብ የበላው ምልክት

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና እንስሳት በአንድ ቀበሌ ተስማምተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ጥሻ ዋጠው። መጀመሪያ የወፍ ቆሎ በቀለ። አጋምና ቀጋ ተከተሉት። ሐረግ ደግሞ በላያቸው ወጥቶ እርስ በርስ አሰራቸው። ሁሉም «ነገ እንመነጥረዋለን» እያለ ሲያድር፣ መንገዱ የነበረበት ቦታ እንኳ ጠፋ። ምንጩ ከመንደሩ አፍንጫ ሥር ቢሆንም ነዋሪው በገደሉ ዞሮ ይጠጣ ጀመር።

አህያ ጥሻውን ከማንም በላይ ይጠላው ነበር። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጁ ቦራ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሾልኮ ገባ። እባብ ነደፈውና አልተመለሰም። አሁን ዳልቻ የምትባል ሴት ውርንጭላ ተወልዳለታለች። እግሯ እየጠና ነው፤ አፍንጫዋንም ወደ ምንጩ ማቅናት ጀምራለች። ክረምት ሳይገባ መንገዱ መከፈት አለበት ብሎ ቆረጠ።

ቀበሌው አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረችው። ቁመቷ ከበሬ አይበልጥም። መቁረጫዋ የተገጠመው ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ ነው፤ ጥሻውን እያጨደች፣ ራሷ በከፈተችው መንገድ ራሷ ትሄዳለች። ቁልፏን አንበሳ በጋማው ውስጥ አስሮ ይይዛል፤ ለሁሉም በየተራው ይሰጣል። የአህያው ተራ ቅዳሜ ነበር። እሑድ ትራክተሯ ወንዙን ተሻግራ ወደ ማዶ መንደር ትሄዳለች። ወንዙ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም አትመለስም።

«ያለህ አንድ ቀን ነው» አለው አንበሳ። «ስለቷ ድንጋይ ከነካ ያም የለህም።»

ለዚህ ልማድ አላቸው። መኪናዋ ከመግባቷ በፊት ባለተራው ጥሻውን በእግሩ ይገባበታል። በዱላ እየነካካ ድንጋይና ጉቶ ይፈልጋል። ባገኘበት ቦታ እንጨት ተክሎ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ቦታ የሚነዳው ሁሉ ዞሮ ያልፈዋል። ደግሞም እየሄደ ይጣራል፦ «ጎጆ ያላችሁ ጎጇችሁን አንሡ፤ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ያዙ፤ ነገ መኪና ይገባል።»

አህያውም ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ አደረገ። ሌላ ቀይ ጨርቅ በቤት ስላልነበረ ሚስቱ የቦራን ቀይ የመኝታ ጨርቅ አውጥታ ቀደደችለት። ቋጠሮውን በየእንጨቱ ላይ ያሰረችውም እሷ ናት።

ከኋላቸው ቆቅ ትከተላቸው ነበር። ጫጩቶቿ ከጠፉባት ሰንብተዋል። ጎረቤት ሁሉ «ጥሻው በልቷቸዋል፤ ተጽናኚ» ይላታል። እሷ ግን አህያው በተጣራ ቁጥር ቆም ብላ ታዳምጣለች። የሚመልስ አልነበረም።

ጫጩቶቹ ግን ሰምተዋል። በጥሻው መሃል፣ ከአንድ ትልቅ አጋም ሥር፣ ቀበሮ ጓዳ ነበራት። ጫጩቶቹን ሰርቃ እዚያ ካስገባች በኋላ ጥሬ እየበተነች ታወፍራቸው ነበር። «ድምፅ ያሰማ ለዛሬ ራት ይሆናል» ስላለቻቸው ትንፍሽ አላሉም። በሩ በእሾህ ስለተዘጋም አህያው ሳያየው አለፈ።

ቀበሮዋም ጥሪውን ሰማች። ነገ ስለቱ በጓዳዋ ላይ ሊያልፍ ነው። ጫጩቶቹን በቀን ብታወጣቸው ሁሉ ያያታል። ጥቂት አሰበችና ጅብ ወደሚተኛበት ጥላ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ ያለበት ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አለችው።

ጅቡ ሥራ የሚለውን አልሰማም። «የምን ሥጋ?» አለ።

ቀበሮዋ ቀስ ብላ አስረዳችው። በአጋሙ ዙሪያ እንጨት ይተክላል። በየእንጨቱ ጫፍ፣ ልክ እንደ አህያው፣ ቀይ ነገር ያስራል። አህያው ድንጋይ ያለ መስሎት ዞሮ ያልፋል። ሥራው ካማረ ጅቡ አንድ ወፍራም ጫጩት ያገኛል። ጅቡ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። የጠየቀው ጫጩቱ ከነላባው መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንጨቶቹን ተከለ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበር። ቀይ ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ? ዞር ዞር ሲል ከመንደሩ ዳር የተጣለ አሮጌ የቆዳ ጠፍር አገኘ። ቀላ ያለ ነው። በጥርሱ እየቆረጠ በየእንጨቱ አሰረው። ከሩቅ ላየው ጨርቅ ይመስላል። ጅቡ በሥራው ኮርቶ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ተመለከተው።

በዚህ መሃል ነፋስ ነፈሰና የጠፍሩን ሽታ አመጣለት።

«አንዱ ቢጎድል ማን ያውቃል?» አለ ጅቡ ለራሱ።

አንዱን በላ። ከጎኑ ያለው ብቻውን መቅረቱ አሳዘነውና እሱንም በላ። ከዚያ በኋላ ዙሪያው የተዛባ መስሎ ታየው፤ እኩል ለማድረግ ሌላ በላ። እንዲህ እያስተካከለ ሁሉንም ጨረሰ። የመጨረሻውን እያኘከ ሳለ ሆዱ ከበደው፤ እዚያው ረጅም ሣር ውስጥ ጋደም አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤት ሁሉ ለደቦ ወጣ። ፍየሎቹ የሚቆረጠውን ሊጎትቱ መጡ፤ እግረ መንገዳቸውንም ሊቀምሱት። ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ ሥራውን በአፏ ትመራ ጀመር። አህያው ዘይቱን አየ፣ ግሪስ ቀባ፣ ናፍታ ሞላ። ሚስቱ ዳልቻን ይዛ ከዳር ቆመች። ሞተሩ ሲነሣ ውርንጭላዋ በአራት እግሯ ዘለለች፤ ደቦው ሁሉ ሳቀ።

ትራክተሯ ገባችበት። የወፍ ቆሎው እንደ ጎመን ይከተፍ ጀመር። ሐረጉ ተበጣጠሰ። ተዘግቶ የኖረ መሬት ፀሐይ አየ። የተቆረጠ ቅጠል ሽታ አካባቢውን ሞላው፤ ፍየሎቹም እየጎተቱ ሳይሆን እየበሉ መሆናቸው ታወቀባቸው። ቀይ ጨርቅ ሲያይ አህያው ዞር ይላል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ከመቀመጫው ያያል። እኩለ ቀን ላይ ምንጩ የሚያሰማው ድምፅ ቀርቦ ነበር።

በድንገት ፍሬን ያዘ።

ከፊቱ በአጋሙ ዙሪያ እንጨቶች ተተክለዋል። ጨርቅ የላቸውም።

«አባ ጭነት!» አለች ጦጣ ከላይ ሆና። «ዱላ ስትሸከም ኖረህ ዛሬ ዱላ ፈራህ? በላዩ ሂድበት።»

ቀበሮዋ ደግሞ ከጥሻው ዳር ካለ ጉብታ ላይ ሆና በለሰለሰ ድምፅ መከረችው። «ወንድሜ፣ አትስማት። ጨርቁን ነፋስ ወስዶት ነው። ስለቱ ቢሰበር ልጅህ ክረምቱን በገደል ልትዞር ነው። ዞረህ እለፍ።»

አህያው ወደ ፀሐይዋ አየ። አንዷ ንዳበት ትላለች፤ አንዷ ዙረው ትላለች። የሚስቱ ቋጠሮ በነፋስ እንደማይፈታ ግን ያውቃል፤ እነዚህን እንጨቶች የተከለው ሌላ ነው። ሞተሩን አጠፋ።

«በእግሬ ልየው» አለ።

ደቦው አጉረመረመ። ጦጣም፣ በዚህ አያያዝ ምንጩ ራሱ ተነሥቶ ወደ መንደሩ ሳይመጣ አይቀርም አለች። አህያው ግን ዱላውን ይዞ ወረደ። በመጀመሪያው እንጨት ሥር ነካካ፤ ድንጋይ የለም። በሁለተኛውም የለም። በእንጨቶቹ ጫፍ ላይ ግን የጥርስ ምልክት አለ። የመጨረሻው እንጨት ከረጅም ሣር ውስጥ ነበር። ዱላውን ወደ ሣሩ ሰደደ።

ሣሩ አቃሰተ።

ፍየሎቹ ተበተኑ። ከሣሩ ውስጥ ጅብ ቀና አለ። ሆዱ ተነፍቷል፤ ቁራጭ ጠፍር ከአፉ ተንጠልጥሏል።

«አያ ጅቦ፣ አፍህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለው አህያው።

«ምንም አይደለም። ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

«የድንጋይ።»

«ድንጋዩ የታለ?»

«ድንጋይማ የለም» አለ ጅቡ። ከዚያ ዞር ሲል የትራክተሯን ስለት ከአንገቱ ትይዩ አየው። የሚያኘከውን ዋጠ። ሳይጠየቅ ሁሉንም ተናገረ፤ እንጨቱን፣ ጠፍሩን፣ ቀበሮዋን፣ ቃል የተገባለትን ጫጩት።

ጫጩት የሚለውን ስትሰማ ቆቅ ክንፏን ዘረጋች።

ቀበሮዋ ከጉብታው ወርዳ ልትሄድ ነበር። አንበሳን ግን መንገዷ ላይ ተኝቶ አገኘችው።

«እሜቴ ቀበሮ፣ ወዴት ነው?» አላት።

«ውሃ ልጠጣ ነበር፣ ጌታዬ።»

«መንገዱ ገና አልተከፈተም። ተቀመጪ።»

አህያው ወደ አጋሙ ቀርቦ እንደ ትናንቱ ተጣራ። ማንም አልመለሰም። ያን ጊዜ ቆቅ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋን አሰማች። ከእሾሁ ሥር ትንሿ ጫጩት መታገሥ አቃታትና ጢው አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ፍየሎቹ ተጋግዘው እሾሁን ገለጡት፤ ጫጩቶቹም እየተንገዳገዱ ወጡ። ከመወፈራቸው የተነሣ እናታቸው ለአፍታ አላወቀቻቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቆማት አልተገኘም፤ አንዱን በክንፏ ስትሸፍን ሌላው ይወጣል፣ እሱን ስትመልስ ሌላው ይንከባለላል። ጦጣ ከሳቋ ብዛት ከዛፉ ወረደች።

አህያው ጫጩቶቹ ሲወጡ እያየ ቆመ። የመጨረሻዋ ከወጣች በኋላም ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ።

አንበሳ ብዙ አልፈረደም። ቀበሮዋ ከነገ ጀምሮ ከትራክተሯ ጋር ወንዙን ትሻገራለች። በየመንደሩ፣ በየጥሻው፣ ከመኪናዋ በፊት በእግሯ እየገባች ድንጋይ ትፈልጋለች፤ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ያዙ እያለችም ትጣራለች። ጅቡ ደግሞ የተቆረጠውን እሾህ ሁሉ ጎትቶ ያወጣል። ጅቡ ፍርዱን ተቀብሎ ጥቂት ካሰበ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ጫጩቱስ?»

«አንተ የድርሻህን በልተሃል» አለው አንበሳ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ቀጋ ወደቀ። ምንጩ ከአለት ሥር እየተንፎለፎለ ብቅ አለ፤ ማንም ባያየውም መፍሰሱን አላቆመም ነበር። ከመንደር እስከ ምንጭ መንገዱ ወለል ብሎ ታየ። ግልገሉ፣ ጫጩቱ፣ የጦጣ ልጅ ሁሉ ሊሮጥ ተሰለፈ።

ድንጋዮቹን ደቦው ፈንቅሎ ስላወጣቸው ቀዩ ጨርቅ ሥራ ፈታ። አህያው አንዱን ከእንጨቱ ፈትቶ በዳልቻ አንገት ላይ አሰረው።

«የማን ነው?» አለችው።

«የወንድምሽ ነው። ከሩቅ እንዲያሳይሽ ነው» አላት። «አሁን ሩጪ።»

ሮጠች። ቀዩ ጨርቅ በአዲሱ መንገድ ላይ ብድግ ዝቅ እያለ ሄደ፤ አባትና እናቷ ከላይ ሆነው፣ ውሃው ጋ እስክትደርስ ድረስ፣ አንዴም ሳይጠፋባቸው አዩት።

ከዚህ የምንማረው ሌላውን ለማሳሳት ምልክት የሚተክል በገዛ ረዳቱ ሆድ እንደሚጋለጥ፣ ከመቁረጡ በፊት ወርዶ በእግሩ የሚያይ ግን ለራሱ ልጅ በከፈተው መንገድ የጎረቤቱንም ልጅ እንደሚያተርፍ ነው።